የካንሰር አፕ ምንድን ነው? ምን ያህልስ ይታመናል?

የካንሰር አፕ ስለ ካንሰር መረጃ የሚሰጥ ወይም «ልመርምርህ» የሚል የስልክ መተግበሪያ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አንዱ ስለ በሽታው፣ ስለ ኬሞው (በመድኃኒት ስለሚሰጠው የካንሰር ሕክምና)፣ ስለ አመጋገቡ ያስነብባል። ሌላው ፎቶ ተቀብሎ ይፈርዳል።

ከሚያስነብበው ልጀምር። አውስትራሊያዊቷ ቤል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2013 «ዘ ሆል ፓንትሪ» የሚባል የምግብና የጤና አፕ አወጣች። የአንጎል ካንሰር እንዳለባትና በአመጋገብ እየታገለችው እንደሆነ ትናገር ነበር። ብዙ ሰው አመናት። አፕል እንኳ ለእጅ ሰዓቱ ከመረጣቸው አፖች አንዱ የእሷ ነበር። በ2015 ግን ካንሰር ጭራሽ እንዳልነበረባት ራሷ አመነች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት 410,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቀጣት። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የእውነት የታመመ ሰው ያን አንብቦ ኬሞውን ቢያቋርጥስ? ያ ጊዜ በምን ይመለሳል?

ወደ ፎቶው እንምጣ። ማርያም የሳመችው የምንለው ጥቁር ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አልፎ አልፎ ግን ሜላኖማ የሚባል አደገኛ የቆዳ ካንሰር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካው ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን እንለያለን የሚሉ አራት አፖችን ፈተኑ። ሦስቱ ከሜላኖማዎቹ 30 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ «አያሳስብም» ብለው አሳለፉ። አራተኛው አንድ ብቻ ነው ያመለጠው። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ እሱ ፎቶውን የሚልከው ለቆዳ ሐኪም ነበር።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እንዲህ ያሉ አፖች የሚማሩባቸው ፎቶዎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌይን በ36 ዓመቱ የገደለው ሜላኖማ የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር።

ታዲያ በምን እንለየው? ለአፑ የተሰጠውን ኮከብ ተዉት። ኮከብ የሚሰጠው እንደ እኛው ያለ ተጠቃሚ ነው፤ የሚያየውም አፑ ማማሩንና አለመንቀራፈፉን ነው። «ስለ እኛ» የሚለውን ክፈቱ። የጻፈው ማን ነው? ሐኪም አይቶታል? መቼ ታደሰ? የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ገጾች ግርጌ ላይ የታደሱበት ቀን አለ። ቀን የሌለው የካንሰር መረጃ እኔ አላምንም፤ ሕክምናው ቶሎ ቶሎ ይቀየራልና። አፑ ዱቄት ወይም ሻይ የሚሸጥ ከሆነማ ወዲያው አጥፉት።

አፑ «ደህና ነህ» ቢልም ነጥቡ ካደገ፣ መልኩ ከተቀየረ ወይም ከደማ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ። ከወር በፊት ያነሳችሁት ፎቶ ነጥቡ ያኔ ምን ያህል እንደነበር ለሐኪሙ ያሳየዋል።