«ዱካክ መጣበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጫት ያቆመ ልጅ ሌሊት እየጮኸ ሲነሳ «ዱካክ መጣበት» ይባላል። ጂኒ አይደለም። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ፤ ቃሚው ሲያቆም አእምሮው የተነጠቀውን እንቅልፍ ማካካስ ይጀምራል፣ ቅዠቱም ከዚሁ ጋር ይመጣል፣ ድብርትና ድካምም ይከተሉታል። አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። ክፋቱ፣ ልጁ ቅዠቱን ፈርቶ ተመልሶ መቃሙ ነው፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፣ ትንሽ ቢታገስ ያልፍለት ነበራ! ስለዚህ እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ «ተለከፈ» ብላችሁ አታስፈራሩት፣ አትቆጡት። አጠገቡ እደሩ። ከበርጫ ጓደኞቹም ለጊዜው ይራቅ። ድብርቱ ከከረመ ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።