ታዳጊዎችን አስተኝቶና አሳድሮ ማከም፦ የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና

አንድ ታዳጊ በአእምሮ ሕመም ወይም በሱስ የተነሳ ከቤት ወጥቶ ተቋም ውስጥ የሚታከምባቸው መንገዶች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ነው። ዓላማው ሕይወት ማትረፍና ማረጋጋት በመሆኑ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ 2 ሳምንት ብቻ ይቆያል። ሌላው አዳሪ ማገገሚያ ነው። እዚህ የሚገባው የቅርብ አደጋው ያለፈለት፣ በተመላላሽ ሕክምና ግን ሊሻለው ያልቻለ ልጅ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እየኖረና እየተማረ ይታከማል። ቤተሰብ ሁለቱን ሲያምታታ ልጁ ይጎዳል። በ10 ቀን ከሆስፒታል የወጣን ልጅ «ዳነ» ብሎ ክትትሉን መተው አንዱ ስህተት ነው፤ ትናንት ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ልጅ ሌሊት ነርስ ወደማያድርበት ማገገሚያ መላክ ደግሞ ሌላው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። አልጋ የሚያስፈልጋቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ልጁ ውሎውን በሕክምና አሳልፎ ማታ ቤቱ የሚያድርበት የቀን ሕክምና አለ፤ በሳምንት 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚወስድ ጠንከር ያለ ተመላላሽ ሕክምናም አለ። ደንቡ ልጁን ከአደጋ መጠበቅ ከሚችሉት አማራጮች ሁሉ ነፃነቱን በትንሹ የሚነካውን መምረጥ ነው። ከቤት መውጣት በራሱ ጉዳት አለውና፤ ትምህርት ይቋረጣል፣ ጓደኛ ይርቃል፣ ቤተሰቡም ያለ እሱ መኖርን ይለምዳል።

ማን ይተኛል

ራሱን ለማጥፋት ያቀደና መንገዱን ያዘጋጀ፣ በቅርቡ የሞከረ፣ በሳይኮሲስ (የሌለ ነገር በሚያሰማ ወይም በሚያሳይ ሕመም) ወይም በማኒያ (ከልክ ባለፈ የስሜት መነሳሳት) ምክንያት እውነቱን መለየት ያቃተው፣ ወይም በሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ የተቃረበ ልጅ ያለ ማመንታት መተኛት አለበት። በአመጋገብ መዛባት የተጎዳች ልጅ ቀን ላይ የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከወረደ፣ ወይም በደሟ ያሉት ፖታሲየምና ፎስፌት የተባሉ ማዕድናት መጠን ከተዛባ፣ ቦታዋ መጀመሪያ የአካል ሕክምና ክፍል ነው። እዚያም ቢሆን ምግቡ በአንዴ ከተጫነባት ፎስፌቱ በድንገት ወርዶ ልቧን ሊያቆመው ይችላል፤ ስለዚህ መጠኑ ደም እየተመረመረ ይጨመራል።

በሱስ በኩል ውሳኔው የሚመዘነው በሚወሰደው ዕፅ ብዛት ብቻ አይደለም። ሲያቆም የሚደርስበት አካላዊ አደጋ፣ አብሮ ያለ ሕመም፣ ለመታከም ያለው ፈቃደኝነትና የሚመለስበት ቤት ሁኔታ አብረው ይታያሉ። ወንድሙ ወይም አባቱ በየቀኑ የሚጠጣበት ቤት የሚያድር ልጅ፣ ሱሱ መካከለኛ ቢሆንም፣ አዳሪ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ልጁ እንደገባ ዕቃው ይፈተሻል። ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ የኮፍያ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ምላጭ፣ ብርጭቆና መድኃኒት ይወሰዳሉ። ምክንያቱ ካልተነገረው እንደ እስር ስለሚቆጥረው፣ ጥሩ ነርስ እያንዳንዱን እያስረዳች ትቀበላለች። የክፍሉ መንጠቆና የመታጠቢያ ቧንቧ ገመድ እንዳይታሰርባቸው ተደርገው የተሠሩ መሆን አለባቸው። ክትትሉ እንደ አደጋው መጠን በየ15 ደቂቃው ከማየት አንስቶ አንድ ሠራተኛ ከአጠገቡ ሳይለይ እስከሚቆምበት ይደርሳል። ሌሊት «አልጋው ላይ አለ» ማለት አይበቃም፤ ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ መታየት አለበት።

ጥያቄው የሚጀመረው ቤተሰብ ባለበት ቢሆንም፣ የተወሰነው ክፍል ልጁን ለብቻው አድርጎ መካሄድ ይኖርበታል። ስለ ራስን ማጥፋት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ውስጥ አይተክልም። ምስጢሩ እንደሚጠበቅ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ግን ለወላጅ እንደሚነገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። የሽንት ምርመራ ይረዳል፣ ግን ያሳስታል፦ የተለመደው የኦፒየት (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ዕፆች) ምርመራ ትራማዶልና ፌንታኒል የተባሉትን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች አስተማማኝ በሆነ መንገድ አያሳይም። ካናቢስ (ሐሺሽ) ደግሞ አዘውትሮ በሚያጨስ ልጅ ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ በማዕከሉ ውስጥ ሆኖ እንዳጨሰ ማስረጃ አይሆንም።

ሱሱን ማቋረጥ

ሰውነትን ከዕፁ ማጽዳት የሕክምናው መግቢያ እንጂ ሕክምናው አይደለም። ሲቋረጡ አደገኞቹ አልኮልና እንደ ዲያዜፓም ያሉት፣ ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የማረጋጊያ መድኃኒቶች ናቸው። አልኮል ሲቆም መንቀጥቀጥና ማላብ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሊከሰት ይችላል፤ ከባዱ መቃዠት ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል። በታዳጊዎች ይህ ደረጃ ብዙ አይታይም፤ ሲመጣ ግን ሊገድል ይችላል። ቤንዞዲያዜፒን በአንዴ አይቆምም፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ኦፒዮይድን፣ ማለትም እንደ ሄሮይን፣ ትራማዶልና ፌንታኒል ያሉትን፣ ማቋረጥ እጅግ ያሠቃያል። ቡፕረኖርፊን የተባለው መድኃኒት ሥቃዩንም ምኞቱንም ያበርዳል፤ ነገር ግን የማቋረጥ ምልክቶች በግልጽ ሳይጀምሩ ከተሰጠ ራሱ ምልክቶቹን በድንገት ያባብሳቸዋል። ብዙ ማዕከላት መድኃኒቱን «ሌላ ሱስ» ብለው ይከለክላሉ። ይህ አቋም ሕይወት ያስከፍላል፤ ከዕፅ የራቀ ሰውነት የለመደውን መጠን መቋቋም ስለሚያቅተው፣ ልጁ ወጥቶ የዱሮውን ያህል ቢወስድ ሊሞት ይችላል።

ካናቢስ ያቆመ ልጅ ቁጡ ይሆናል፣ እንቅልፍና ምግብ ይከለክለዋል። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል። ሠራተኛው ይህን ካላወቀ ምልክቱን እንደ ጥጋብ ቆጥሮ ይቀጣዋል።

ውሎና ሕክምና

የሚሠራው ሕክምና ስም አለው። ሐሳብንና ድርጊትን የሚያያይዘው የኮግኒቲቭ ባህርይ ሕክምና፣ ራሳቸውን ለሚጎዱ ልጆች ስሜትን መግዛት የሚያስተምረው ዲያሌክቲካል ባህርይ ሕክምና፣ እንዲሁም የቤተሰብ ሕክምና ዋናዎቹ ናቸው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወላጅ የሚገኝበት ክፍለ ጊዜ ከሌለ፣ ልጁ ብቻ ተለውጦ ያልተለወጠ ቤት ይመለሳል። ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሴቲን ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 የፀረ ድብርት መድኃኒቶች በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምሩ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው መድኃኒቱን የሚከለክል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በቅርብ ለመከታተል ነው።

ልጆችን አንድ ላይ ማኖር የራሱ አደጋ አለው። ራስን መቁረጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዛመታል፤ በቡድን ውይይት ላይ ስለ ዕፅ መተረክ የጀግንነት ወሬ ይሆናል። ስለዚህ ቡድኑ ትንሽ፣ መሪው የሠለጠነ፣ የሚያወሩትም ስለ ትናንቱ ገድል ሳይሆን ስለ ነገው ሊሆን ይገባል። ልጅን ከአዋቂ ሕሙማን ጋር ማስተኛት ሊፈቀድ አይገባም።

በቅጣትና በማዋረድ «እንቀርጻለን» ከሚሉ ቦታዎች መራቅ ያስፈልጋል። ኃይል ተጠቅሞ መያዝ የሚፈቀደው ለቅርብ አደጋ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ለአጭር ጊዜ፤ በሆድ አስተኝቶ መጫን ትንፋሽ አቋርጦ ልጆችን ገድሏል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 ለሕክምና በተቋም የተቀመጠ ልጅ አያያዙ በየጊዜው እንዲገመገም መብት ይሰጠዋል። የልጁን ስልክ አጠገቡ ሆኖ የሚያዳምጥ፣ ወላጅ ልጁን ለብቻው እንዳያገኘው የሚከለክል ማዕከል ሲያጋጥም ልጁን ማውጣት ይሻላል።

መውጫው

ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ የሚከፋባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀጠሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ቀኑና የሐኪሙ ስም ተጽፎ መያዝ አለበት። ልጁ በራሱ ቃል የጻፈው የደህንነት ዕቅድም አብሮት ይወጣል፦ መጥፎው ስሜት ሲመጣ ምን ምልክት ያሳያል፣ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ የት ሄዶ ከማን ጋር ይሆናል፣ ለማን ይደውላል። ወላጅ ደግሞ ልጁ ሳይመለስ መድኃኒቱን፣ ፀረ ተባዩንና የጦር መሣሪያውን ከቤት ያወጣል ወይም ይቆልፋል። ኦፒዮይድ ይወስድ ለነበረ ልጅ ቤተሰብ ናሎክሶን (ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ትንፋሽን የሚመልስ መድኃኒት) ቤት አስቀምጦ አሰጣጡን ይማራል።

ማገርሸት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ያገረሸበትን ልጅ «ደንብ ጥሰሃል» ብሎ ማባረር የልብ ሕመምተኛን ደረቱን ስላመመው ከሆስፒታል እንደማስወጣት ነው። ምን እንደወሰደ፣ ስንት ሰዓት ላይና ከምን በኋላ እንደሆነ ሳይቆጡ ይጠየቃል፤ ከዚያ በቀን ሕክምና ይቀጥል ወይስ እንደገና ይተኛ የሚለው በዚያው ቀን ከሐኪሙ ጋር ይወሰናል።