ኮሶ፦ የሚወራውና እውነታው

ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ገብቶ ቁርጥ ሳይቀምስ ማለፍ ለብዙ ሰው ይከብዳል። በገበያ ቀን ደግሞ ደረቅ የኮሶ አበባ ከፌጦና ከጥቁር አዝሙድ ጎን ተዘርግቶ ይሸጣል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትልም መድኃኒቱም እዚያው ማለት ነው። ስለ ኮሶ የሚወራው ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው።

«ኮሶ የድሮ ሰው እምነት እንጂ መድኃኒት አይደለም»

መድኃኒት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ ያስመጡት ነበር። ኬሚስቶችም ከአበባው ኮሶቶክሲንና ፕሮቶኮሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ለይተዋል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚለቀመው ቀላ የሚለው የሴቴው አበባ ነው። ያለ ላብራቶሪ ይህን የለዩ ሰዎች ሁሌ ይገርሙኛል።

«አንዴ ከተጠጣ ትሉ ተጠራርጎ ይወጣል»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የኮሶ ትል አብዛኛውን ጊዜ ወደ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም በላይ ሊረዝም ይችላል። አንጀት ላይ የሚጣበቀው ግን በትንሿ ራሱ ነው። ኮሶ ሲጠጣ ብዙ ሜትር ወጥቶ ራሱ ከቀረ፣ ትሉ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና አድጎ ቁራጩ መታየት ይጀምራል። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር አስታውሱ። ልማዱ ከትሉ ዕድገት ጋር ልክ ይገጥማል። ጥሬ ሥጋውም ስላልቀረ አዲስ ትል መግባቱ አይቀርም ነበር። በእኔ አስተያየት ኮሶ እንደሚሠራም፣ ሥራውን እንደማይጨርስም ከዚህ ልማድ በላይ የሚመሰክር የለም።

«ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

ይሄኛው ነው አደገኛው። አበባው ተወቅጦ፣ ውኃ ውስጥ አድሮ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ማቅለሽለሹ፣ ማስመለሱና ቁርጠቱ የታወቀ ነው። ሲበዛ ግን የዓይን ነርቭ ይጎዳል። በኮሶ መመረዝ የመጣ የዓይን ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ መቅመስ የለባትም።

ችግሩ መጠኑ ነው። ሻጯን ጠይቋት፤ ቁመታችሁን አየት አድርጋ «ለአንተ ሁለት ጭብጥ ይበቃሃል» ትላለች። የማን ጭብጥ? የእሷ ወይስ የእኔ? ከርሞ የቆየ አበባና ዘንድሮ የደረቀ አበባም ጉልበታቸው እኩል አይደለም። ሐኪም የሚያዘው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ግን በሰውነት ክብደት ተሰልቶ ነው፤ ለኮሶ ትል ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል። እንደ እኔ ከሆነ ለኮሶ ያለን ክብር ሳይቀንስ ኪኒኑን መዋጥ ይሻላል።

«አረቄና ሚጥሚጣ ይገድለዋል»

አይገድለውም። የትሉ እጭ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ በሥጋው ውስጥ በከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አረቄው ለጨዋታ፣ ሚጥሚጣው ለጣዕም ነው። የሚገድለው እሳት ነው፤ የሥጋው ውስጡም ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ለብለብ ክትፎ እዚያ አይደርስም። ማቀዝቀዝም ይሠራል፤ ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ፣ ለ10 ቀን ያህል። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሥጋ ያው ጥሬ ሥጋ ነው።

«ኮሶ የያዘው ሰው ይከሳል»

ብዙው ምንም አይሰማውም። የሚያውቀው ቁራጩን ሰገራ ውስጥ ወይም ልብሱ ላይ ሲያይ ነው።

«ማኅተም ያለበት ሥጋ ንጹሕ ነው»

ቄራ ያልገባ ሥጋ ከመብላት በጣም ይሻላል። ቢሆንም መርማሪው የሚሰነጥቀው የተወሰኑ ቦታዎችን ነው፤ ጥቂት የትል እጭ ብቻ ያለበት ሥጋ ሊያልፈው ይችላል። ደግሞስ በሬው ከየት አመጣው? ከሰው ነው። ይህ ትል በሰው አንጀት ካልሆነ ሌላ ቦታ አድጎ እንቁላል አይጥልም። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይተዋል፤ ከብት ይግጠዋል፤ ከዚያ ወደ ሥጋ ቤት ነው። ስለዚህ ኮሶም ጠጣችሁ ኪኒን ዋጣችሁ፣ የዚያን ቀን ከሽንት ቤት አትራቁ። መስኩ የከብቶቹ ነው።