በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«ይረሳል» እና «ይወረሳል»ን ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩአቸው። የሚለያቸው አንድ ፊደል «ወ» ብቻ ነው። ከመጥፋት ወደ መውረስ የሚያሻግረው ያ ፊደል ነው፤ አባባሉ ከአፍ የማይጠፋውም በዚህ ይመስለኛል። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የተነገረ ከተናጋሪው ጋር ያልፋል፣ የተጻፈ ለልጅ ይተርፋል። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ውል ስናዋውል ወይም ቃለ ጉባኤ ስንይዝ ነው። እኔ ግን ጎንደር አያቴ ፊት ስልኬን ከፍቼ እስክቀመጥ ድረስ አባባሉን በቅጡ አልሰማሁትም ነበር።

«ወረሰ» የሚለው ግስ «ርስት»ንም የወለደ ነው። በድሮው በጌምድር ሰው የመሬት ድርሻ የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት ወይም እናት መወለዱን በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ነበር። ከመካከል አንድ ስም የጠፋው ሰው ክርክሩ ይላላል። የጎንደር አድባራት ደግሞ የመሬት ስጦታን፣ ሽያጭንና የምስክሮችን ስም በብራና መጻሕፍቶቻቸው ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ያሰፍሩ ነበር። ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አብሮ የተጠረዘ ውል በቀላሉ አይካድም። እንዲህ ባለ አገር «ይወረሳል» ማለት ትዝታ ማቆየት ብቻ አይደለም፤ የሚታረስ መሬት ነው።

አባባሉ ቃልን ይንቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ከንባብ ሌላ የቃል ትምህርት አለው፤ መጽሐፍ ሳይገልጥ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ይዘልቀዋል። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አረጋውያንም ራሳቸው መዝገብ ናቸው። የአባባሉ ስጋት ሌላ ነው፦ ቃል የሚኖረው ተቀባይ እስካለው ድረስ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር፣ ወጣቱ ትውልዱን እንዲቆጥር የሚያስገድደው ትልቁ ምክንያት አብሮ ቀረ። አሁን የሚያስቆጥረን ጋብቻ ነው፣ እሱም በችኮላ።

የተጻፈም ቢሆን ሁልጊዜ ለባለቤቱ ልጅ አይደርስም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተወስደው፣ ብዙዎቹ ዛሬም ሎንደን ናቸው። ተጽፈዋል፤ የጻፏቸው ሰዎች ልጆች ግን አልያዟቸውም። ስለዚህ የአያቴን ድምፅ ስቀዳ መጀመሪያ ያሰብሁት የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚይዘው ነው። አንዱን ቅጂ እኔ ጋ፣ አንዱን እኅቴ ጋ፣ አንዱን ከቤት ውጭ አድርጌዋለሁ። በአንድ ስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ድምፅ፣ ስልኩ የወደቀ ቀን ከቃል አይሻልም።

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። «እምዬ፣ እስቲ ታሪክሽን ንገሪኝ» አልኋት። «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ ታሪክ የነገሥታት ነው» ብላ ዝም አለች። በማግሥቱ ቡና እየተፈላ ሳለ ጥያቄዬን አሳነስሁት፦ «የሠርግሽ ለት ዘንቦ ነበር?» ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አላቋረጥኋትም። የተማርሁት ትንሽ ነገር አለ። ሙቀጫና ዘነዘናው ድምፅ ስለሚውጡ ቡናው ተወቅጦ እስኪያልቅ መጠበቅ ይሻላል፤ እሷም ሙሉ ወሬ የምትጀምረው ቶና ላይ ነው። ስልኩን የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጬ፣ ጥሪ መጥቶ ቀረጻውን እንዳያቋርጠው ኔትወርኩን ዘጋሁ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃዷን ጠየቅሁ። አንድ ቦታ ላይ «ይኼን አጥፋው» አለችኝ፣ አጠፋሁት።

ዓመተ ምሕረት አልጠየቅኋትም። የእሷ ዘመን የሚለካው በጣልያን፣ በጃንሆይ መውረድ፣ በሰባ ሰባት ነው። መታወቂያዋ በ1938 ተወለደች ይላል። እሷ ግን «ጣልያን ሲለቅ ገና ክርስትና አልተነሣሁም ነበር» አለችኝ። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያሰላ ይህ 1933 ነው፣ ጃንሆይ የገቡት ሚያዝያ 27 ስለሆነ። ጎንደር ላይ ግን የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነውና፣ አያቴ የተወለደችው በ1933 ማብቂያና በኅዳር 1934 መካከል ነው ማለት ነው። መታወቂያ ያልያዘውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ።

እንግዲህ ዛሬ «በጽሑፍ ያለ» ስንል የተቀዳውን ድምፅም ልንጨምር ይገባል፤ አንዳንዴም ከወረቀት ይበልጣል። አያቴ «ሄድሁ»፣ «ነበርሁ»፣ «አይዶለም» ነው የምትለው። ቀረጻውን ወደ ወረቀት ሲገለብጠው የነበረ የአክስቴ ልጅ ሳያስበው ሁሉንም «ሄድኩ»፣ «ነበርኩ»፣ «አይደለም» አድርጎት አገኘሁ። ነገሩ አልተጓደለም፣ ሴትዮዋ ግን ከውስጡ ወጥታለች። ቁጭ ብለን እያዳመጥን እንደገና ጻፍነው።

ፎቶውን ያነሣሁት ከሳሎኑ በር አጠገብ ነው፤ ብርሃኑ ከጎን ይገባል፣ ዓይኗን አያስጨፍናትም። ከጓዳ እንደወጣች ላነሣት ፈልጌ ነበር። «እንዲህ ሆኜማ አይዶለም» ብላ ሄዳ ጥለት ያለው ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ መጣች። ልክ ነበረች፤ የሚወረሰው ምስል የእሷ ስለሆነ መምረጡም የእሷ ነው። ሁለተኛውን እንዝርት ይዛ አነሣኋት። ፎቶውን ስናይ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ጠቆምኋትና በእሾህና በጥላሸት የተነቀሰችበትን ቀን አወራችልኝ። ምስሉ ጥያቄ ሆኖ ሌላ ቀረጻ አመጣ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ሰው ያለበት አሮጌ ፎቶ አለ። ሁላችንም እያየነው አድገናል፣ ስሙን የሚያውቅ ግን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እኮ ሥዕሉን ሲጨርስ ማን እንደሆነ ከራስጌው ይጽፋል። እኛ ይኼን ሰው ያለ ስም ሰቅለነዋል። አያቴ «የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው» አለች፤ ስሙንም ነገረችኝ። ከመስታወቱ አውጥቼ ከጀርባው በእርሳስ ጻፍሁት።

ከእሱ ተነሥታ ወደ ላይ መቁጠር ጀመረች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት አለችና ስድስተኛው ላይ ጣቷን እንደያዘች ቆመች። «እሱን የምታውቀው አዘዞ ያለችው እኅቴ ናት» አለችኝ። ቅዳሜ አያቴን ይዤ አዘዞ እሄዳለሁ፤ ጋቢውንም እይዛለሁ።