ከቤት ርቆ ኬሞ መውሰድ፦ የሚባለውና እውነታው

ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ኬሞዋን (ካንሰርን በመድኃኒት የማከሚያውን ኬሞቴራፒ) የጀመረችው ጅማ ነው። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ ግን አዲስ አበባ፣ ልጇ ጋ መክረም ግድ ሆነባት። ሆስፒታሉን አናውቀው፣ ሐኪሙን አናውቀው። ያን ሰሞን መካሪው በዛ። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚናገረው፤ ግን ከሰማነው ውስጥ ሰው የሚጎዳም ነበረበት።

«አዲስ ሐኪም ሁሉንም ከዜሮ ይጀምረዋል»

አይጀምረውም። እህቴ የምትወስዳቸው ዶክሶሩቢሲን እና ሳይክሎፎስፋማይድ ጅማም አዲስ አበባም ያው ናቸው። ለእሷ የታዘዙት በየ21 ቀኑ ነው፤ መጠናቸው የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው። ወሳኙ የያዛችሁት ወረቀት ነው። ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ መድኃኒት፣ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል በዕድሜ ልክ የማይታለፍ ጣሪያ አለው። ስለዚህ «ሁለት ዙር ወስጃለሁ» ማለት አይበቃም። ስንት ሚሊግራም? መቼ መቼ? የባዮፕሲውን (ከዕጢው ተወስዶ የተመረመረውን ናሙና) ውጤት፣ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ የተሰጡበትን ቀን፣ የመጨረሻውን የደም ምርመራ አስጽፋችሁ ያዙ። ፎቶም አንሱት፤ ወረቀት መኪና ላይ ይረሳል።

«ደም ተመርምሬ መጥቻለሁ፤ ድጋሚ የሚያስመረምሩኝ ለገንዘብ ነው»

ኬሞ በተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ በጣም ይወርዳል። ከሚቀጥለው ዙር በፊት ማገገሙ መታየት አለበት። ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣ ውጤት የዛሬውን አይናገርም። ካላገገመ ቀጠሮው ይገፋል፤ ለዚህ የሚሆን ትርፍ ቀንና ገንዘብ ይዛችሁ ተነሱ።

«እንግዳ ሆኜ ነርስ አላስቸግርም»

ይሄ ይሉኝታ ነው በጣም ያስፈራኝ። እህቴ ቀዩ መድኃኒት እየገባላት ክንዷን ስትሸሽግ አየኋት። «ምን ሆንሽ?» ስላት «ትንሽ ያቃጥለኛል፣ ተይው» አለች። ነርሷን ጠራሁ፤ ወዲያው ዘጋችው። ያ መድኃኒት ከደም ሥር አምልጦ ሥጋ ውስጥ ከገባ ከባድ ቁስል ያመጣል። ካቃጠለ፣ ካበጠ፣ ከቀላ፣ በዚያችው ደቂቃ ተናገሩ።

«ትኩሳቱን ሐኪሜ ጋ እስክመለስ በፓራሲታሞል ልያዘው»

በፍጹም! ኬሞ ላይ ላለ ሰው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ይሁን በዓል። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱና ከሁሉ በፊት «ኬሞ ላይ ነኝ» በሉ። ኢንፌክሽን ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ፓራሲታሞሉ ደግሞ ምልክቱን ይደብቀዋል። ቴርሞሜትር ከሻንጣችሁ አይጥፋ።

«ኬሞ የወሰደ ሰው ያረፈበት ቤት ይበከላል»

ካንሰር አይተላለፍም። አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተኙ፣ ልጆችን እቀፉ። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ብቻ የታማሚዋን ሽንትና ትውከት የሚያጸዳ ሰው ጓንት ያድርግ፣ ሽንት ወይም ትውከት የነካው ልብስም ለብቻ ይታጠብ። ሽንት ቢቀላ አትደንግጡ፤ አንድ ሁለት ቀን የሚታይ የቀዩ መድኃኒት ቀለም ነው። አክባሪ ዘመድ ጥሬ ክትፎ ካቀረበ ግን፣ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅም ስለሚወርድ፣ «ይብሰልልኝ» በሉ።

«አዲስ አበባ ዘመድ ከሌለ አይሞከርም»

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ አለው። ቦታ መኖሩን ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።