ሄትሮሳይክል ምንድን ነው?

ከካርቦን በተሠራ ቀለበት ውስጥ ቢያንስ አንዱን ቦታ ሌላ አቶም ከያዘው፣ ያ ቀለበት ሄትሮሳይክል ይባላል። ቦታውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን ወይም ሰልፈር ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን "ሄትሮ" ሌላ፣ "ሳይክል" ደግሞ ክብ እንደማለት ነው። ስድስቱም አባላቱ ካርቦን የሆኑት ቤንዝን (የመኪናው ቤንዚን አይደለም) ሄትሮሳይክል አይደለም። ከስድስቱ አንዱን አውጥተን ናይትሮጅን ብንተካበት ግን ፒሪዲን የተባለውን ሄትሮሳይክል እናገኛለን።

ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በአንድ ደቂቃ ይሸመደዳል። ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚሰጡለት ግን የተተካው አቶም የቀለበቱን ጠባይ ከሥሩ ስለሚለውጠው ነው። የዲኤንኤ አራቱ ፊደላት ሄትሮሳይክሎች ናቸው። ደምን የሚያቀላው ሂምና ቅጠልን የሚያረንጓዴው ክሎሮፊል እያንዳንዳቸው ፒሮል የተባለውን ባለ ናይትሮጅን ቀለበት የሚመስሉ አራት ቀለበቶችን አያይዘው የተሠሩ ናቸው። ካፌይን፣ ኒኮቲን፣ ሞርፊን፣ ኪኒን፣ ፔኒሲሊን ሁሉም በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ይገባሉ። የተፈጥሮ ውህዶችን የሚያጠና ኬሚስትና የሄትሮሳይክል ኬሚስት ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሆነው የሚገኙትም ለዚህ ነው፤ ከዕፅዋት ንጹህ ነገር ለይቶ ያወጣ ሰው መጨረሻው ከአንዱ ሄትሮሳይክል ጋር መፋጠጥ ነው።

አዲስ ቀለበት ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የናይትሮጅኑ ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ የት ነው ያለው?

ፒሪዲንና ፒሮልን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ፒሪዲን 5 ካርቦንና 1 ናይትሮጅን ያለው ባለ ስድስት አባል ቀለበት ነው። ፒሮል 4 ካርቦንና 1 ናይትሮጅን ያለው ባለ አምስት አባል ነው። ሁለቱም አሮማቲክ ናቸው፤ ማለትም 6 ኤሌክትሮኖች ቀለበቱን ዙሪያውን ይጋሩታል፣ መረጋጋታቸውም ከዚህ ይመጣል። እነዚህን 6 ኤሌክትሮኖች እንደ መዋጮ ብናያቸው ነገሩ ይቀልላል። በፒሪዲን ስድስቱም አባላት አንድ አንድ ኤሌክትሮን ስለሚያዋጡ ሒሳቡ ይሞላል፤ የናይትሮጅኑ ነጻ ጥንድ ሳይነካ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። በፒሮል ግን አራቱ ካርቦኖች አዋጥተው 4 ብቻ ይሆናል። የጎደለውን 2 የሚሞላው ናይትሮጅኑ ነው፤ ያለውን ጥንድ በሙሉ ያዋጣል፣ ለራሱ አያስቀርም።

ከዚህ ልዩነት የሚከተለው ብዙ ነው። ፒሪዲን ኪሱ ውስጥ ባለው ጥንድ ፕሮቶን ስለሚይዝ ቤዝ ነው፤ ፕሮቶን የያዘው ፒሪዲን ፒኬኤ (ሲጨምር ፕሮቶኑ ይበልጥ አጥብቆ መያዙን የሚያሳይ ቁጥር) 5.2 ነው። ፒሮል ላይ ይኸው ቁጥር ወደ −3.8 ይወርዳል። እያንዳንዱ ነጥብ አሥር እጥፍ ስለሆነ የ9 ነጥብ ልዩነት ማለት አንድ ቢሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ፒሮል በኃይለኛ አሲድ ሲገደድ ፕሮቶኑን የሚቀበለው በናይትሮጅኑ ሳይሆን በጎረቤቱ ካርቦን ነው። ያን ጊዜ አሮማቲክነቱ ይፈርሳል፣ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ብልቃጡም ውስጥ ጥቁር ሙጫ ይቀራል። ፒሮልን በኃይለኛ አሲድ ማሞቅ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ያን ሙጫ ከመስታወት ማላቀቅም የጀማሪ ቅጣት።

ኤሌክትሮን ፈልገው የሚመጡ ሪአጀንቶችን (ቀለበቱን እንዲለውጡ የሚጨመሩ ኬሚካሎችን) ብናይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፒሮል ከራሱ ስላዋጣ ቀለበቱ በኤሌክትሮን ሀብታም ነው፤ አሴቲክ አንሃይድራይድ ያለ ምንም ካታሊስት ይያያዝበታል፣ ያውም 2ኛው ቦታ ላይ። ፒሪዲን ግን ናይትሮጅኑ ከቀለበቱ ወደ ራሱ ስለሚስብ ድሃ ነው። በአሉሚኒየም ክሎራይድ እገዛ ቀለበት ላይ የካርቦን ቡድን የሚተክለውን ፍሪዴል ክራፍትስ ሪአክሽን በፒሪዲን ላይ የሚሞክር ሰው አሉሚኒየም ክሎራይዱ መጀመሪያ የናይትሮጅኑን ጥንድ ይዞ ይቀመጥና ቀለበቱ የባሰ ድሃ ሆኖ ያገኘዋል። በአንጻሩ ኤሌክትሮን ይዘው የሚመጡ ሪአጀንቶችን ፒሪዲን እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1914 የተገለጸው የቺቺባቢን ሪአክሽን በሶዲየም አማይድ 2-አሚኖፒሪዲን የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ጠባዮች በአንድ ቀለበት ውስጥ ሊገናኙም ይችላሉ። ኢሚዳዞል ሁለት ናይትሮጅን አለው፤ አንዱ እንደ ፒሮል አዋጥቷል፣ ሌላው እንደ ፒሪዲን ኪሱን ጠብቋል። ፒኬኤው 7 ገደማ ስለሆነ በሕዋስ ውስጥ ፕሮቶን መቀበልም መስጠትም ይቀልለዋል፤ ይህን ቀለበት የያዘው አሚኖ አሲድ ሂስቲዲን በብዙ ኢንዛይሞች እምብርት ላይ የሚገኘው በከንቱ አይደለም። ኒኮቲንም ጥሩ የንባብ መልመጃ ነው። አንዱ ቀለበቱ ፒሪዲን ነው፤ ሌላው አሮማቲክ ያልሆነ ፒሮሊዲን ሲሆን ናይትሮጅኑ እንደ ተራ አሚን ይሠራል። አንድ እኩያ አሲድ ብንጨምር ፕሮቶኑን የሚወስደው ፒኬኤው 8 ገደማ የሆነው የፒሮሊዲኑ ናይትሮጅን ነው። ፒሪዲኑ ተራው የሚደርሰው ፒኤቹ ወደ 3 ሲወርድ ነው።

ሰልፈር ያለበት ቀለበት፣ ቲዮፊን፣ አስቸጋሪነቱ ከቤንዝን ጋር መመሳሰሉ ላይ ነው። ቤንዝን በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፣ ቲዮፊን በ84። ኬሚስቱ ቪክቶር ማየር እ.ኤ.አ. በ1882 በትምህርት ክፍል ውስጥ ቤንዝን ከአይሳቲንና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ እንደሚሆን ሊያሳይ ሲል ቀለሙ አልመጣለትም። በዚያ ቀን የቀረበው ቤንዝን እንደ ወትሮው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የወጣ ሳይሆን ከቤንዞይክ አሲድ የተሠራ ነበር። ሰማያዊውን ሲሰጥ የኖረው በከሰሉ ቤንዝን ውስጥ ተደብቆ የነበረ ጥቂት ቲዮፊን ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዕፅዋት እንሂድ። አልካሎይድ የሚባሉት ናይትሮጅን ያላቸው የተፈጥሮ ውህዶች አብዛኞቹ ቤዝ ናቸው፤ ለይቶ ማውጣቱም የሚደገፈው በዚያው ጥንድ ኤሌክትሮን ላይ ነው። 100 ግራም ደረቅ የቅጠል ዱቄት በሚታኖል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ሚታኖሉ ተንኖ ይወጣል። የቀረው ዝልግልግ ነገር በ100 ሚሊ ሊትር 2 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይበጠበጣል። አልካሎይዱ ፕሮቶን ይዞ ጨው ይሆንና ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ክሎሮፊሉና ሰሙ አይገቡም፣ ተጠልለው ይጣላሉ። ውሃው በኢተር ሲታጠብ ቤዝ ያልሆኑት ይወጣሉ። ከዚያ በበረዶ እየቀዘቀዘ ፒኤቹ ከ9 እስከ 10 እስኪደርስ አሞኒያ ይጨመርበታል፣ ፕሮቶኑ ይነጠቃል፣ ነጻ የወጣው አልካሎይድ በዳይክሎሮሚቴን ይሰበሰባል። በውሃ አልባ ሶዲየም ሰልፌት ካደረቁት በኋላ ዳይክሎሮሚቴኑ ከ40 ዲግሪ በታች እንዲተን ይደረጋል።

የመጨረሻው መሰብሰብ በ150 ሚሊ ሊትር አንዴ ከሚሆን በ50 ሚሊ ሊትር ሦስቴ ይሁን። አልካሎይዱ ከ100 ሚሊ ሊትሩ ውሃ ይልቅ አሟሚውን በ4 እጥፍ ይወድዳል እንበል። አንዴ በ150 ሲሆን ሰባተኛው እጅ፣ 14 በመቶ ገደማ፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሦስቴ በ50 ሲሆን የሚቀረው ሃያ ሰባተኛው እጅ ነው፣ ከ4 በመቶ በታች። አሟሚው መጠኑ አንድ ነው፤ ድካሙ ብቻ ይጨምራል።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። መለያ ፈነሉን አጥብቆ የነቀነቀ ሰው በሁለቱ ንብርብሮች መካከል የማይለይ ነጭ አረፋ ይገጥመዋል፤ ጨው ጨምሮ መጠበቅ ወይም በሴላይት (በማጥለያ ዱቄት) ማጥለል ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። በአሞኒያ ፋንታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያፈሰሰ ሰው ሞርፊንን ያጣዋል፤ ሞርፊን ከናይትሮጅኑ ሌላ ፊኖል (ደካማ አሲድ የሆነ ቡድን) ስላለው በኃይለኛ ቤዝ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ሃዮሲያሚን ደግሞ በቤዝና በሙቀት ይገላበጥና እንደ ሁለት እጆች በመስታወት ምስልነት ግማሽ ቀኝ ግማሽ ግራ የሆነው አትሮፒን ይሆናል። ዳይክሎሮሚቴኑን አልካሎይድ እንደያዘ ለሳምንታት ማቆየትም አደጋ አለው። ቀስ እያለ ከአንዳንድ አሚኖች ጋር ተያይዞ ዕፁ ውስጥ ያልነበረ ጨው ይሠራል፣ ተማሪውም አዲስ ውህድ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል።

በዚህ መንገድ ጭራሽ የማይያዙም አሉ። ካፌይን ናይትሮጅኖቹ ቤዝነታቸው እጅግ ደካማ ስለሆነ አሲዱ ውሃ ውስጥ አይይዘውም፤ ከአሲዳማው ውሃም ቢሆን ክሎሮፎርም ያወጣዋል። ቤርቤሪን ናይትሮጅኑ ቋሚ ፖዘቲቭ ስለሆነ አሞኒያ የሚነጥቀው ፕሮቶን የለውም፤ ቢጫውን ውሃ "ባዶ ነው" ብሎ የደፋ ሰው ቤርቤሪኑን አብሮ ደፍቶታል። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ደግሞ ሄትሮሳይክል ቢሆንም ናይትሮጅን የለውም። ኃይሉ ሁለት ኦክስጅኖች ጎን ለጎን በተያያዙበት ድልድይ ላይ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ውጤት ያገኘችው ሙቀቱን ትታ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው ኢተር ስታወጣው ነበር፤ ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላታል።

የወጣውን ነገር በቲኤልሲ ሰሌዳ (ውህዶችን በሚለይ ስስ የሲሊካ ንጣፍ) ላይ ስናይ አልካሎይዱ ክብ ነጥብ በመሆን ፋንታ ጅራት እየጎተተ ይወጣል። ሲሊካው ትንሽ አሲዳማ ስለሆነ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀረዋል። አሟሚው ላይ 1 በመቶ ትራይኢታይልአሚን መጨመር ጅራቱን ይቆርጠዋል። የአልካሎይድ መፈተሻው ድራገንዶርፍ ሪአጀንት ሲረጭበት ብርቱካንማ ነጥብ ይታያል፤ ሆኖም አልካሎይድ ያልሆኑ አንዳንድ ነገሮችም ይህን ቀለም ስለሚሰጡ በእሱ ብቻ "አልካሎይድ አለው" ብሎ መጻፍ አይገባም።

የሙያው ሌላኛው እጅ ቀለበቱን ራሱን መሥራት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ይህን ዘርፍ የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የቀለበት አሠራር ይቀይስና ዋጋውን የሚያሳየው አንድ የተፈጥሮ ውህድ በእሱ ገንብቶ ነው። ለመማሪያ ፓል ክኖር ከተባለው የፒሮል አሠራር የተሻለ መነሻ የለም። 1.14 ግራም 2፣5-ሄክሳንዳዮንና 0.93 ግራም አኒሊን፣ እያንዳንዳቸው 10 ሚሊሞል፣ ከጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ጋር ይሞቃሉ። ሁለት ሞለኪውል ውሃ ይወጣና ፒሮል ይፈጠራል፤ ምንም ሳይባክን ቢሆን 1.71 ግራም። ሃይድሮጅኖችን በየቦታቸው በሚለየው ፕሮቶን ኤንኤምአር ላይ 2.0 አካባቢ የሁለቱ ሚታይል 6 ፕሮቶኖች፣ 5.9 አካባቢ ደግሞ የቀለበቱ 2 ፕሮቶኖች ካልታዩ ሥራው አልተሳካም። አሲዱን ያበዛ ሰው የሚገጥመው ነገር የታወቀ ነው፦ ፒኤቹ ከ3 በታች ሲወርድ አኒሊኑ ጥንዱን ለፕሮቶን ሰጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ሄክሳንዳዮኑም ናይትሮጅን ሳይጠብቅ በራሱ ኦክስጅን ይዘጋና ፒሮል በማግኘት ፋንታ ፊውራን (ባለ ኦክስጅን ቀለበት) ይሆናል።

ትሮፒኖን የተባለው የአትሮፒን አጽም የዚሁ ታሪክ ትልቁ ምሳሌ ነው። ኬሚስቱ ቪልሽቴተር እ.ኤ.አ. በ1901 በብዙ ደረጃ ሠርቶት በመጨረሻ የተገኘው ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሮበርት ሮቢንሰን በ1917 ሰክሲንዳይአልዲሃይድን፣ ሚታይልአሚንንና የአሴቶንዳይካርቦክሲሊክ አሲድን ጨው ውሃ ውስጥ ቀላቅሎ በአንድ ብልቃጥ አገኘው፤ መጠኑ 17 በመቶ ነበር። በኋላ የመጡ ኬሚስቶች ፒኤቹን በበፈር (ፒኤችን እንዳይለዋወጥ በሚይዝ ድብልቅ) ጠብቀው ያንኑ ቅልቅል ከ80 በመቶ በላይ አደረሱት።