የእርግዝና መከላከያ አቅርቦትና የፋርማሲዎች ሕጋዊ ግዴታ በጎንደር

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉ ፋርማሲዎችና መድኃኒት ቤቶች ኮንዶም፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒንና ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ይሸጣሉ። በተግባር ሦስቱም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሰጡ ቢሆኑም ሽያጩ እንደ ሳሙናና እንደ ስኳር ለሻጩ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለመጠበቅ የሚያስችል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሌሎቹ ሕጎች ይህ መብት በፋርማሲው ባንኮኒ ላይ እንዴት እንደሚፈጸም የሚወስኑ ናቸው።

ሁኔታው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን ማስተዋወቅ የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎት ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ በመከላከያዎች ማስታወቂያና ስርጭት ላይ የነበሩ አላስፈላጊ ገደቦች እንዲነሡ ጠየቀ። ዛሬ በመድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ የኮንዶም ማስታወቂያ ተለጥፎ የሚያይ ወጣት ያ ወረቀት በአያቱ ዘመን ሊያስከስስ ይችል እንደነበር መገመት ይከብደዋል።

ለባለሙያው በቀጥታ የሚናገረው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 661/2002 መሠረት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ነው። ደንቡ በሥነ ምግባር ድንጋጌዎቹ ውስጥ የጤና ባለሙያ የግል እምነቱን ምክንያት በማድረግ እንደ እርግዝና መከላከያ፣ በሕግ የተፈቀደ ጽንስ ማቋረጥና ለታካሚ ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን ከመስጠት እምቢ ማለት እንደማይችል አስቀምጧል። በብዙ አገሮች ባለሙያው ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ደንበኛውን ወደ ሌላ ባልደረባ እንዲመራ ሕግ ይፈቅድለታል፤ የኢትዮጵያው ድንጋጌ ግን ይህን በር አልከፈተም። የ1949ኙን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ፋርማሲስትን በስም ከሚጠቅሳቸው ባለሙያዎች መካከል አስገብቶ፣ ከባድ ችግር ባለበት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ አገልግሎት መከልከልን ያስቀጣል።

ድንጋጌው ግን የሚያዝዘው ባለሙያውን እንጂ መደርደሪያውን አይደለም፤ ትልቁ ክፍተትም እዚህ ላይ ነው። እንደ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በበዙበትና ሰው በሰው በሚተዋወቅበት ከተማ መሸጥ ያልፈለገ ሻጭ «እምነቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ መከራከር አያስፈልገውም። «አልቋል፣ እህቴ» ማለት ይበቃዋል። ገዢዋ በአብዛኛው የመድኃኒቱን ስም በስልኳ መስታወት ላይ ጽፋ የምታሳይ፣ ወይም ከኋላዋ የቆሙት እስኪሄዱ አስፕሪን የምትጠይቅ ወጣት ናት፤ ስለዚህ «አልቋል» የተባለችውን ተቀብላ ትወጣለች። በእርግጥ የሚያልቅበት ጊዜም አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ሲዘጉ የመድኃኒት አቅርቦትም ይስተጓጎላል። እውነተኛውን እጥረት ከሰበቡ መለየት የሚቻለው የክምችት መዝገብን በማየት ብቻ ነው።

የብዙ ሻጮች ማመንታት የሚነሣው ድንገተኛውን መከላከያ ከጽንስ ማቋረጫ ጋር ከማምታታት ነው። በድንገተኛው መከላከያ ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን በዋናነት የሚሠራው እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳይወጣ በመከልከል ወይም በማዘግየት ሲሆን የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም። ጽንስ ለማቋረጥ የሚያገለግሉት ሚሶፕሮስቶልና ሚፌፕሪስቶን ግን ሌላ መድኃኒት፣ ሌላ ሕግም የሚገዛቸው ናቸው፤ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ተዘርዝረዋል። ሕዝቡ ፖስት ፒል እያለ የሚጠራው ድንገተኛ መከላከያ የሚሻለው በቶሎ ሲወሰድ ነው፤ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመከራል፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስም የተወሰነ ጥቅም ይኖረዋል። በጎንደር ይህ ቁጥር የተለየ ትርጉም የሚያገኘው በጥምቀት ሰሞን ነው። ከጥር 10 ከተራ ጀምሮ እስከ ጥር 12 ሚካኤል ድረስ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፣ ብዙ ሱቅም ይዘጋል፤ ከአንዱ መድኃኒት ቤት «የለም» የተባለች ሴት ሌላ እስኪከፈት ብትጠብቅ የመድኃኒቱ ጊዜ ግማሹ ያልቅባታል።

መሸጥ ብቻውንም ግዴታን አያሟላም። ባለሙያው አወሳሰዱን ማስረዳት፣ ገዢዋ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲን ወይም እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን ትወስድ እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ እነዚህ የሆርሞኑን ኃይል ያዳክማሉ። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መድገም እንዳለባትም ይነግራታል። የማይጠየቅ ነገርም አለ፤ ብሔራዊው የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት መመሪያ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለ ማንኛውም ሰው፣ ያገባም ያላገባም፣ አገልግሎቱን ማግኘት እንደሚችል ስለሚናገር «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ በዚያ ላይ ተመሥርቶ መከልከል መሠረት የለውም። የሙያ ምስጢርን ማባከን ደግሞ በወንጀል ሕጉ የሚያስጠይቅ ሲሆን ግዴታው ረዳቶችንም ይጨምራል። በጠባብ ክፍል ውስጥ የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ወንጀል ነው ባይባልም ከዚህ ድንጋጌ መንፈስ ይርቃል።

ፋርማሲ የአቅርቦቱ አንድ ክፍል ብቻ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። መርፌ መውጋትና በክንድ የሚቀበረውን ማስገባት የጤና ተቋም ሥራ ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገሪቱ ባለትዳር ሴቶች 36 በመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 47 በመቶ የሚሆኑት መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በአገር ደረጃ በብዛት የተመረጠውም በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ ነው። ወደ ፋርማሲ የሚሄዱት በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ተሰልፈው መታየት የማይፈልጉት፣ ተማሪዎችና ያላገቡ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለአገሪቱ ጤና መኮንኖችን ያሠለጠነች፣ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ፋርማሲስቶችን የምታስመርቅ ከተማ እነዚህን ደንበኞች በደንብ ማስተናገድ አይከብዳትም ብሎ መጠበቅ የሚበዛ አይመስልም።

የተከለከለች ደንበኛ አቤቱታዋን ለከተማው ጤና መምሪያ የቁጥጥር ክፍል ማቅረብ ትችላለች፤ ጥፋቱ የባለሙያው ሲሆን ጉዳዩ ወደ ጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊመራ ይችላል። ሆኖም አቤት ለማለት ስሟንና የጠየቀችውን መድኃኒት መግለጽ አለባት፤ ላልተሸጠ መድኃኒት ደግሞ ማስረጃ የሚሆን ደረሰኝ የለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎች ወደ ፋርማሲ ሲገቡ የብቃት ማረጋገጫውን፣ የባለሙያውን በቦታው መገኘትና የመድኃኒቶቹን የአገልግሎት ዘመን ከማየት ጎን ለጎን የመከላከያዎቹን የመግቢያና የወጪ መዝገብ ቢያገላብጡ፣ ሳጥኑ እያለ «የለም» የሚለውን መድኃኒት ቤት ያለ ማንም አቤቱታ ሊያገኙት ይችላሉ።